የፒኤችፒ ሥሪት ከፍ ሲደረግ የሴሽን ተለዋዋጮች የሚጠፉበት ምክንያት፦ በአማርኛ ለሚሠሩ ድረ ገጾች የቀረበ የምርመራ ቅደም ተከተል

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጥናት ፒኤችፒ የተባለው የድር ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ከአሮጌ ሥሪት ወደ አዲስ ሲሸጋገር የሴሽን ተለዋዋጮች የሚጠፉበትን ምክንያት ይመረምራል። የጥናቱ መነሻ የቋንቋው የለውጥ መግለጫዎች፣ የሴሽን አሠራርና የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጥበት መንገድ ናቸው። የጥናቱ ዋና መከራከሪያ፣ የሥሪት ለውጥ በአብዛኛው አዲስ ስሕተት የሚፈጥር ሳይሆን በአሮጌው ቅንብር ተሸፍኖ የኖረን ስሕተት የሚገልጥ ነው የሚል ነው። በአማርኛ የተሠሩ ገጾች ደግሞ ከፊደሉ የባይት ብዛት ጋር የተያያዘ ተጨማሪ ተጋላጭነት አለባቸው። በመጨረሻም የኢንተርኔት መስመርና የኤሌክትሪክ መቆራረጥ ባለባቸው እንደ መካነ ሰላም ባሉ ከተሞች ለሚሠሩ ባለሙያዎች የሚያገለግል ባለ አራት ደረጃ የምርመራ ቅደም ተከተል ቀርቧል።

ቁልፍ ቃላት፦ ፒኤችፒ፣ ሴሽን፣ ኩኪ፣ የሥሪት ሽግግር፣ ዩኒኮድ፣ ደቡብ ወሎ

1. መግቢያ

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ የምትገኘው መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ መቀመጫ ናት። ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ ግቢዎች ያሉት መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ በአካባቢው የሚኖሩና የሚማሩ ሰዎች ከድረ ገጽ አገልግሎት ጋር ያላቸው ግንኙነት ጨምሯል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ለትምህርት ማስተላለፊያነት የሚያገለግለው ሙድል፣ የምርምር መጽሔቶች የሚታተሙበት ኦጄኤስ፣ እንዲሁም ብዙ መሥሪያ ቤቶች ገጻቸውን የሚያቆሙበት ዎርድፕረስ ሁሉም በፒኤችፒ የተጻፉ ናቸው። ከእነዚህ በተጨማሪ ተመራቂ ተማሪዎችና የአካባቢ ባለሙያዎች በራሳቸው የሚጽፏቸው የምዝገባ፣ የመዝገብ ቤትና የመጋዘን ሥርዓቶች አሉ።

የእነዚህ ሥርዓቶች ሥሪት የሚለወጠው በምርጫ ብቻ አይደለም። ለ5.6 ሥሪት ይሰጥ የነበረው የደኅንነት ማስተካከያ እ.ኤ.አ. በ2018 ማብቂያ፣ ለ7.4 ይሰጥ የነበረው ደግሞ በኅዳር 2022 ተቋርጧል። ሙድል ከ4.2 ጀምሮ ከ8.0 በታች በሆነ ፒኤችፒ ላይ አይሠራም። ስለዚህ የሰርቨር ኃላፊው ዛሬ ወይም ነገ ሥሪቱን ከፍ ማድረጉ አይቀርም።

ከሽግግሩ በኋላ በብዛት ከሚሰሙ አቤቱታዎች አንዱ «ስገባ መልሶ ያስወጣኛል» የሚለው ነው። ተጠቃሚው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ያስገባል፤ ሥርዓቱ ይቀበላል፤ ቀጣዩ ገጽ ግን እንደማያውቀው ሰው እንደገና ግባ ይለዋል። ጉዳዩ ተራ መጉላላት ይመስል ይሆናል። ሆኖም ከወግዲ፣ ከከላላ ወይም ከሳይንት ተነሥቶ ለምዝገባ መካነ ሰላም ለደረሰ ባለጉዳይ የአንድ ቀን መዘግየት የማደሪያና የመጓጓዣ ወጪ ነው። ችግሩ ተባብሶ የአንዱ ተጠቃሚ መረጃ ለሌላው ከታየ ደግሞ ጉዳዩ ከመጉላላት አልፎ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወደሚመለከተው የሕግ ጥያቄ ይደርሳል።

ባለሙያው ቸኩሎ የሚወስደው መፍትሔ ብዙ ጊዜ ወደ አሮጌው ሥሪት መመለስ ነው። ይህ መፍትሔ ምልክቱን ያጠፋል፤ ምክንያቱን ግን ባለበት ይተወዋል። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ትንተና ምክንያቱን ለይቶ ለማግኘት የሚረዳ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የትእዛዞችና የቅንብሮች ስሞች እንደሚነበቡ በፊደል ተጽፈዋል።

2. ሴሽን የሚያልፍባቸው አራት ነጥቦች

ድረ ገጽ የሚተላለፍበት ሥርዓት በባሕርዩ ትውስታ የለውም። እያንዳንዱ ጥያቄ ለሰርቨሩ እንደ አዲስ ነው። ፒኤችፒ ይህን ክፍተት ለመሙላት በ4ኛው ሥሪት ሴሽንን የቋንቋው አካል አደረገ። አሠራሩን በአራት ነጥብ ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ነጥብ መለያው የሚሰጥበት ነው። «ሴሽን ስታርት» የተባለው ትእዛዝ ሲጠራ ሰርቨሩ የዘፈቀደ መለያ ፈጥሮ በኩኪ አማካይነት ለብራውዘሩ ይልካል። ሁለተኛው መለያው የሚመለስበት ነው፤ ብራውዘሩ በቀጣዩ ጥያቄ ያንኑ ኩኪ ይዞ ይመጣል። ሦስተኛው መረጃው የሚቀመጥበት ነው፤ ሰርቨሩ ተለዋዋጮቹን በዚያ መለያ በተሰየመ ፋይል፣ ወይም ባለሙያው እንዲህ ካዘዘ በዳታቤዝ ውስጥ ያኖራል። አራተኛው የተቀመጠው ጽሑፍ ተነብቦና ተፈትቶ ወደ ሴሽን ድርድሩ የሚመለስበትና የፕሮግራሙ ኮድ የሚጠቀምበት ነው።

ከአራቱ አንዱ ከተሰበረ ለተጠቃሚው የሚታየው ምልክት ተመሳሳይ ነው፤ ተለዋዋጩ ባዶ ይሆናል። ምርመራው አስቸጋሪ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ውጤቱ አንድ፣ ምክንያቱ ግን ብዙ ነው።

3. ሥሪት ሲለወጥ የሚለወጠው ምንድን ነው?

3.1 ከቋንቋው የተወገዱና የጠበቁ ደንቦች

በጥንቱ ፒኤችፒ «ሬጂስተር ግሎባልስ» የተባለ ቅንብር ነበር። ይህ ቅንብር ሲበራ በሴሽን ውስጥ የተቀመጠ ስም በኮዱ ውስጥ እንደ ተራ ተለዋዋጭ በቀጥታ ይገኝ ነበር። ከቅጽና ከአድራሻ መስመር የመጣ ስምም እንዲሁ በቀጥታ ስለሚገባ፣ ማንም ሰው በአድራሻው ላይ አንድ ቃል ጨምሮ ራሱን እንደገባ ተጠቃሚ የማስመሰል ዕድል ያገኝ ነበር። በዚህ የተነሣ ቅንብሩ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው 4.2 ሥሪት እንዲጠፋ ሆኖ ቀረበ፤ በ2012 በወጣው 5.4 ደግሞ «ሴሽን ሬጂስተር» ከተባለው ትእዛዝ ጋር ፈጽሞ ተወገደ። ከአሮጌ መማሪያ የተቀዳ ኮድ አሁንም ይህን ልማድ ይዞ ሊገኝ ይችላል። መፍትሔው አንድ ነው፦ እያንዳንዱ የሴሽን መረጃ በሴሽን ድርድሩ ውስጥ በስሙ ተጠርቶ እንዲጻፍና እንዲነበብ ማድረግ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው 7.1 ሥሪት ሌላ ደንብ አጠበቀ። ከዚህ ሥሪት ጀምሮ «ሴሽን ስታርት» ካልተሳካለት «ሐሰት» ብሎ ይመልሳል፤ የሴሽን ድርድሩንም አያዘጋጅም። መረጃውን በዳታቤዝ ለማስቀመጥ በባለሙያው የተጻፈ የሴሽን አንባቢ፣ ለአዲስ ተጠቃሚ ምንም ሳያገኝ ሲቀር ባዶ ጽሑፍ መመለስ ይኖርበታል። በባዶ ጽሑፍ ፈንታ «ነል» ወይም «ሐሰት» የሚመልስ ኮድ ሴሽኑን ከመጀመሪያው ያስቀረዋል። በዚያው ሥሪት የመለያውን ርዝመት ከ22 እስከ 256 ፊደል መወሰን ስለተቻለ፣ በዳታቤዙ ውስጥ 32 ፊደል ብቻ የሚይዝ ዓምድ ከረዘመ መለያ ጋር ሊጋጭ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው 8.0 ደግሞ የንጽጽርን ትርጉም ለውጧል። ቀደም ሲል ቁጥር ያልሆነ ጽሑፍ በሁለት የእኩል ምልክት ከዜሮ ጋር ሲነጻጸር «እኩል ነው» የሚል ውጤት ይሰጥ ነበር። ለማሳያ አንድ ሥርዓት የተጠቃሚውን የሥራ ድርሻ በአማርኛ «አስተዳዳሪ» ብሎ በሴሽን ያስቀምጣል፤ ኮዱ ግን ድርሻው ዜሮ ከሆነ የአስተዳዳሪውን ገጽ ክፈት ይላል እንበል። በ7.4 ገጹ ለአስተዳዳሪው ይከፈታል፤ «ተማሪ» ለተባለውም እንዲሁ ይከፈታል። በ8.0 ለሁለቱም ይዘጋል። አስተዳዳሪው «ሴሽኔ ጠፋ» ይላል፤ የጠፋው ግን ሴሽኑ ሳይሆን ለዓመታት ሳይታወቅ የቆየ የደኅንነት ቀዳዳ ነው። ከዚህም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ባዶ የሆነ ተለዋዋጭ በሁለቱም ሥሪቶች ከዜሮ ጋር እኩል መባሉ ነው። በዚህ ኮድ ምንም ሴሽን የሌለው እንግዳ እንኳ በአስተዳዳሪው በር ሊገባ ይችላል ማለት ነው። ስለሆነም የሥራ ድርሻ ሁልጊዜ ዓይነትንም በሚያመሳክር ባለ ሦስት እኩል ምልክት ንጽጽር ሊረጋገጥ ይገባል።

3.2 ሳይሸጋገር የቀረ ቅንብር

በዴቢያንና በኡቡንቱ ሰርቨሮች ላይ እያንዳንዱ የፒኤችፒ ሥሪት የራሱ የቅንብር ማውጫ አለው። አዲሱ ሥሪት ሲጫን የአሮጌው ቅንብር አይከተለውም። ከዓመታት በፊት በሌላ ባለሙያ የተለወጠና በጽሑፍ ያልተመዘገበ ቅንብር ካለ በሽግግሩ ይቀራል።

ከእነዚህ ውስጥ ዋነኛው የሴሽን ዕድሜ ነው። «ጂሲ ማክስ ላይፍታይም» የተባለው ቅንብር ካልተለወጠ 1440 ሴኮንድ፣ ማለትም 24 ደቂቃ ነው። ይህ ጊዜ ካለፈ ያልተነካ የሴሽን ፋይል ሊጠረግ ይችላል። የቀድሞው ኃላፊ ጊዜውን ወደ ሁለት ሰዓት ከፍ አድርጎት ከነበረ፣ ከሽግግሩ በኋላ ወደ 24 ደቂቃ ይመለሳል። ረጅም ቅጽ የሚሞላ፣ መስመሩ ሲቋረጥበት የሚጠብቅ ተጠቃሚ «ላክ» የሚለውን ሲጫን ሥርዓቱ ረስቶት ያገኘዋል።

ሁለተኛው የማስቀመጫው ቦታ ነው። «ሴቭ ፓዝ» የሚያመለክተው ማውጫ ከሌለ ወይም ሰርቨሩ እንዲጽፍበት ካልተፈቀደለት ሴሽኑ አይቀመጥም። በአንድ ሰርቨር ላይ ሁለት ሥርዓቶች አንድ ማውጫ ሲጋሩም አጭር ዕድሜ ያለው ሥርዓት የሌላውን ፋይሎች ሊጠርግ ይችላል። ለየሥርዓቱ የተለየ ማውጫና የተለየ የኩኪ ስም መስጠት ከመጠረግም ከመደባለቅም ይጠብቃል።

ሦስተኛው ኩኪው የሚጓዝበት ሁኔታ ነው። «ኩኪ ሴኪዩር» የተባለው ቅንብር ሲበራ ኩኪው የሚሄደው በተመሰጠረ መስመር ብቻ ነው። በግቢ ውስጥ ባለ ኔትወርክ ምስጠራ በሌለው አድራሻ የሚሠራ ሥርዓት ይህ ቅንብር ከበራበት መለያው ፈጽሞ አይመለስለትም። ከፒኤችፒ ሥሪት ውጭ የሆነ ለውጥም አለ። ክሮም ብራውዘር እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2020 ጀምሮ የ«ሴምሳይት» መመሪያ ያልተሰጠውን ኩኪ በጥብቅ መያዝ ጀምሯል። ተጠቃሚው ወደ ሌላ ድረ ገጽ ሄዶ በቅጽ ልውውጥ ሲመለስ ኩኪው አብሮት ላይመጣ ይችላል። ፒኤችፒ ይህን መመሪያ ለመስጠት የሚያስችል ቅንብር ያገኘው በ7.3 ሥሪት ነው።

3.3 የአማርኛ ፊደልና የባይት ብዛት

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተካትቷል። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ፒኤችፒ ጽሑፍን የሚቆጥረው በባይት ነው። ይህ ልዩነት በሴሽን ላይ ቢያንስ በሦስት መንገድ ይገለጣል።

አንደኛ፣ የፋይሉ መነሻ። የዊንዶውስ ኖትፓድ እ.ኤ.አ. ከ2019ኙ ማሻሻያ በፊት ፋይልን በዩቲኤፍ-8 ሲያስቀምጥ በመጀመሪያው ላይ ቢኦኤም የተባለ የማይታይ ባለ ሦስት ባይት ምልክት ይጨምር ነበር። አማርኛ የሌለበት ኮድ በቀላል አጻጻፍ ስለሚቀመጥ ይህ አይደርስበትም፤ በገጹ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ የጻፈ ባለሙያ ግን ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 ማስቀመጥ ግድ ይሆንበታል። ኩኪ የሚላከው ከገጹ ይዘት በፊት በሚሄደው ራስጌ ነው። የቢኦኤም ምልክት ግን ይዘት ሆኖ አስቀድሞ ስለሚወጣ «ራስጌው አስቀድሞ ተልኳል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ መለያውም ለብራውዘሩ ሳይደርስ ይቀራል።

እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል፦ ታዲያ በአሮጌው ሥሪት ለምን ሠራ? መልሱ «አውትፑት በፈሪንግ» በተባለው ቅንብር ውስጥ አለ። ከፒኤችፒ ጋር በናሙናነት በሚቀርቡት የቅንብር ፋይሎች ይህ ዋጋ 4096 ባይት ሲሆን፣ የቅንብር ፋይል በሌለበት ግን ጠፍቶ ይገኛል። ቅንብሩ ሲበራ የገጹ ይዘት ለጊዜው ተይዞ ስለሚቆይ ራስጌው የመቅደም ዕድል ያገኛል፤ ስሕተቱም ይሸፈናል። አዲሱ ሥሪት ያለ ቅንብር ፋይል ሲተከል ሽፋኑ ይነሣል። ተመሳሳይ ውጤት የሚያመጣ ሌላም ምክንያት አለ። በ8.0 ያልተሰየመ የድርድር ቁልፍን መጥራት ከቀላል ማሳሰቢያ ወደ ማስጠንቀቂያ ከፍ ብሏል። «ዲስፕሌይ ኤረርስ» በርቶ ከሆነና ማስጠንቀቂያው ከ«ሴሽን ስታርት» በፊት በገጹ ላይ ከታተመ፣ ማስጠንቀቂያው ራሱ ሴሽኑን ያሰናክለዋል።

ሁለተኛ፣ የዳታቤዝ ቅርጽ። ፒኤችፒ የሴሽን መረጃን ሲያስቀምጥ የተለዋዋጩን ስም፣ ዓይነቱን፣ የባይቱን ብዛትና ይዘቱን አከታትሎ ይጽፋል። «ሰይድ አሊ» የሚለው ስም አምስት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ስላለው ብዛቱ 16 ተብሎ ይመዘገባል። በ7.0 ሥሪት አሮጌው የማይኤስኪውኤል ማገናኛ ስለተወገደ ባለሙያው ማገናኛውን በአዲስ መልክ ይጽፋል፤ በዚያውም የፊደል ቅንብሩን ወደ ዩቲኤፍ-8 ይለውጣል። ሠንጠረዡ ግን በአሮጌው ላቲን-1 ቅርጽ ቆይቶ ከሆነ፣ እንደ ዳታቤዙ ቅንብር ጽሑፉን አልቀበልም ይላል፤ ወይም እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። በሁለተኛው ሁኔታ 16 ባይት የተባለው ጽሑፍ ስድስት ባይት ብቻ ሆኖ ይገኛል። ፒኤችፒ ቁጥሩና ይዘቱ አለመጣጣማቸውን ሲያይ ሴሽኑን መፍታት ስለማይችል በሙሉ ያጠፋዋል። ስሙን በላቲን ፊደል የጻፈ ተጠቃሚ ያለ ችግር ይሠራል፤ በአማርኛ የጻፈው ይወጣል። ባለሙያው በራሱ የላቲን ስም ሲሞክር ምንም ስሕተት የማያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ፣ ጽሑፍ መቁረጥ። አሥር ባይት ብቻ እንዲያዝ የሚያዝ ኮድ ሦስት የአማርኛ ፊደላትን ይዞ አራተኛውን ይሰብራል። ተራ የጽሑፍ ትእዛዞች በፊደል እንዲቆጥሩ ያደርግ የነበረው «ፋንክ ኦቨርሎድ» የተባለ ቅንብር በ8.0 ስለተወገደ፣ በእርሱ ተማምኖ የነበረ ኮድ ወደ ባይት ቆጠራ ይመለሳል። የተሰበረው ፊደል በፋይል ሲቀመጥ ላያስቸግር ይችላል፤ በጥብቅ ደንብ በሚሠራ ዳታቤዝ ላይ ግን ሙሉው የሴሽን መረጃ እንዳይጻፍ ያደርጋል። ለአማርኛ ጽሑፍ በስማቸው መጀመሪያ «ኤምቢ» የሚል ቅጥያ ያላቸውን ትእዛዞች መጠቀም ይገባል።

4. የምርመራ ቅደም ተከተል

ከላይ የተዘረዘሩት ምክንያቶች በሁለተኛው ክፍል ከቀረቡት አራት ነጥቦች በአንዱ ላይ ያርፋሉ። ምርመራውም ነጥቦቹን በቅደም ተከተል መከተል አለበት።

ከሁሉ በፊት የትኛው ሥሪትና የትኛው የቅንብር ፋይል በሥራ ላይ እንደሆነ በድር ሰርቨሩ በኩል በ«ፒኤችፒ ኢንፎ» ይረጋገጥ። በትእዛዝ መስመር የሚታየው ሥሪት ድር ሰርቨሩ ከሚጠቀምበት ሊለይ ይችላል። ገጹ ብዙ ምስጢር ስለሚያሳይ ከምርመራው በኋላ ወዲያው ይሰረዝ። ቀጥሎ ስሕተቶች በገጹ ላይ ሳይሆን በስሕተት መዝገብ ላይ እንዲጻፉ ይደረግ።

ደረጃ አንድ፦ መለያው ተልኳል? በብራውዘሩ የባለሙያ መሣሪያ ውስጥ የመጀመሪያው ምላሽ ራስጌ ይታይ። ኩኪ ከሌለ መዝገቡ ውስጥ «ራስጌው አስቀድሞ ተልኳል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ይፈለግ፤ ማስጠንቀቂያው ይዘት የወጣበትን ፋይልና መስመር ይጠቅሳል። የተጠቀሰው መስመር አንድ ከሆነና በዓይን የሚታይ ነገር ከሌለ ቢኦኤም ይጠርጠር።

ደረጃ ሁለት፦ መለያው ተመልሷል? ሁለተኛው ጥያቄ ያንኑ መለያ ይዞ መሄዱ ይታይ። በየጥያቄው አዲስ መለያ የሚሰጥ ከሆነ የኩኪው የመስመር፣ የአድራሻና የሴምሳይት ቅንብሮች ይመርመሩ።

ደረጃ ሦስት፦ መረጃው ተቀምጧል? በማስቀመጫው ማውጫ ውስጥ በዚያ መለያ የተሰየመ ፋይል መኖሩና መጠኑ ይታይ። ፋይሉ ከሌለ ፈቃድ ወይም ቦታ፣ መጠኑ ዜሮ ከሆነ ደግሞ ኮዱ ወደ ድርድሩ አለመጻፉ ይጠርጠር።

ደረጃ አራት፦ መረጃው በትክክል ተነብቧል? አንድ ጊዜ በላቲን፣ አንድ ጊዜ በአማርኛ ስም ተሞክሮ ውጤቱ ይነጻጸር። ልዩነት ከታየ ችግሩ ከባይት ጋር የተያያዘ ነው። ልዩነት ከሌለና ፋይሉም ሙሉ ከሆነ የሚቀረው ኮዱ ተለዋዋጩን የሚጠራበት ስምና የሚያነጻጽርበት መንገድ ነው።

5. ከአካባቢው ሁኔታ አንጻር

ከሽግግር በኋላ የታየ ችግር ሁሉ በሽግግሩ የመጣ አይደለም። ኤሌክትሪክ ደጋግሞ በሚቋረጥበት ቦታ የሰርቨሩ ማዘርቦርድ ባትሪ ከደከመ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። በኋላ ሰዓቱ በአንድ ጊዜ ወደ ትክክለኛው ሲዘል፣ ከጥቂት ደቂቃ በፊት የተፈጠሩ የሴሽን ፋይሎች የዓመታት ዕድሜ ያላቸው መስለው ይጠረጋሉ። ዲስኩ ሲሞላም ፋይል ስለማይጻፍ ምልክቱ ያው ነው። ስለዚህ ሰዓቱንና የዲስኩን ቦታ ማየት ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ፣ ብዙ ድካም የሚያስቀር ቅድመ ምርመራ ነው።

የሴሽንን ዕድሜ ማርዘም ደካማ መስመር ላለው ተጠቃሚ ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው በሚጋራው ኮምፒውተር ላይ ግን ከተቀመጠበት ለተነሣ ሰው አደጋ ነው። በተማሪዎች ላቦራቶሪና በኢንተርኔት ቤት የተሻለው መንገድ ዕድሜውን መጠነኛ አድርጎ፣ ረጅም ቅጾችን በክፍል በክፍል በዳታቤዝ ማስቀመጥ ነው። እንዲህ ሲሆን ሴሽኑ ቢጠፋ እንኳ የተሞላው መረጃ አይጠፋም።

6. ማጠቃለያና የመፍትሔ ሐሳብ

የሥሪት ሽግግር ሴሽንን የሚያጠፋው በራሱ ኃይል ሳይሆን፣ ኮዱ ሳይናገር ሲመካበት የነበረውን ድጋፍ በማንሣት ነው። ድጋፉ የተወገደ ትእዛዝ፣ ያልተመዘገበ ቅንብር ወይም ስሕተትን የሸፈነ የይዘት ማቆያ ሊሆን ይችላል። በአማርኛ የሚሠሩ ገጾች ከዚህ ሁሉ ላይ የባይትና የፊደል ልዩነት ይጨመርባቸዋል።

ከትንተናው በመነሣት ሦስት ነጥቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ሥሪቱ ከመለወጡ በፊት በሥራ ላይ ያሉ የሴሽን ቅንብሮች ሁሉ በጽሑፍ ይመዝገቡ፤ ኃላፊው ቢቀየር ተተኪው ያገኛቸዋል። ሁለተኛ፣ ሙከራ በላቲን ስም ብቻ አይጠናቀቅ፤ ረጅም የአማርኛ ስም ያለው የሙከራ ተጠቃሚ በቋሚነት ይኑር። ሦስተኛ፣ ሽግግሩ በምዝገባ ሳምንት አይደረግ፤ ባለጉዳይ ከሩቅ ቀበሌ በማይመጣበት ወቅት፣ አስቀድሞ በሙከራ ሰርቨር ላይ ተሞክሮ ይከናወን። ወደ አሮጌው ሥሪት መመለስ የሚፈቀደው ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ ለተወሰነ ቀን ብቻ ሲሆን፣ ያ ቀንም አስቀድሞ ሊወሰን ይገባል።